የክንዱ ሽማግሌዎች

አምሐ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የቴክኒክ ሥዕል ያስተምራል። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ነው። ተማሪ ተቆጥቶ ሲጨርስ ራሱ ይቅርታ ይጠይቃል። ዘንዶ የሚገድል ጀግና ፍጠር የተባለው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ዘንዘልማ፣ የሥራ ባልደረባው ሀኒ በተከራየችው ቤት ነው። ሀኒ የምናቡን ዓለም እየተረከች ታጫውታለች። ሌሎቹ ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀት ላይ የፈጠሩትን ሰው ሆነው ይናገራሉ። የሚሳካውንና የማይሳካውን በየገጹ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለው ዳይስ ይወስናል። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የቤተ መጻሕፍቱ ጋሽ አምባቸው በጨዋታው ኪስ አውላቂ ናቸው። መልከ መልካሙ የኮምፒውተር መምህር ብሥራት ቀስተኛ ነው፤ ቀጫጫው አስናቀ ደግሞ ግዙፍ።

አምሐ ጀግናውን ክንዱ አለው። ስሙ ብቻውን ጠላት ያባርራል ብሎ ነበር። ሦስቱን ዳይስ ለጉልበት ቢወረውር ስድስት መጣ። ለድፍረት ቢወረውር ሦስት። በሦስት ዳይስ ከዚያ በታች የለም።

«ልድገመው?» አለ።

«አይደገምም» አለች ሀኒ።

ሁሉም ሳቁ። አምሐም ሳቀ፤ ዳይሱ ያልዋሸበትን ነገር ምን ብሎ ይከራከራል።

የቀረውን ቤቱ ወስዶ ሞላው። ወረቀቱ «ከሁሉ በላይ የሚፈልገው» እና «ከሁሉ በላይ የሚፈራው» የሚል ቦታ ነበረው። አምሐ ሦስት ቀን አስቦ እንዲህ ጻፈ፦ ክንዱ ከሐይቁ በታች ያለውን አገር ንጉሥ ልጅ ማግባት ይፈልጋል፤ ሽማግሌ መላክ ግን ይፈራል። እምቢ ካሉት ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው በምን ዓይኑ ያያታል?

እውነቱን ለመናገር አምሐ ሀኒን ከወደዳት ሁለት ዓመት አልፎታል። ዘንዶው ለእሱ ምኑም አይደለም፤ የሚመጣው እሷን ለማየት ነው። አንዴ ሊነግራት ጀምሮ ነበር፤ መሐል ላይ የፕሪንተር ቀለም አለሽ ወይ ብሎ ጨረሰው። አሁን ግን በደንብ ተደብቄያለሁ ብሎ አምኗል። የንጉሡን ልጅ ጠጉር ቀይ አድርጎታል። ጥርሷ ግን እንደ ሀኒ ፍንጭት ነው፤ ፈረሷም እንደ ሀኒ ብስክሌት በግራ በኩል ሲጢጥ ይላል።

ሀኒ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ፍንጭት ናት?»

«አገሩ እንደዚያ ነው» አለ አምሐ። «ሁሉም ፍንጭት ናቸው።»

«እሺ። ግን ይህ ሰው ዘር የለውም። ሰባት ቤቱን ጻፍልኝ።»

አምሐ ዘንዶ መፍጠር አያቅተውም፤ ቅድመ አያት መፍጠር ግን አልሆነለትም። የራሱን ገለበጠ። አምስት ላይ ሲደርስ ጠፋበትና ማክሰኝት ለምትኖረው እናቱ ደወለ። «ለመሥሪያ ቤት ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ደስ አላለውም። ሀኒና ብሥራት ኮሪደር ላይ ይንሾካሾካሉ፤ አምሐ ሲመጣ ዝም ይላሉ። እሑድ ዕለት ብሥራት፣ አስናቀና ጋሽ አምባቸው አንድ ላይ ከይፋግ ከመጣ ሚኒባስ ሲወርዱ አያቸው፤ እሱን ና ያለው የለም። ሰኞ ደግሞ ብሥራት በስልክ ሲናገር ሰማው። «አይጠረጥርም» ይላል። «አምሐ ነው እኮ።»

በቃ፣ ገባው። ሁለቱ ተዋደዋል፤ የክንዱ ወረቀት ደግሞ መሳቂያቸው ሆኗል። ልቡ ተሰበረ። ቅዳሜ ሄዶ ጨዋታውን ትቻለሁ ሊል ወሰነ።

ቅዳሜ ሲደርስ ብሥራት ሙሉ ልብስ ለብሷል። ጋሽ አምባቸው ነጭ ጋቢ ደርበዋል። አስናቀ እንኳ ጺሙን ተላጭቷል። ትልቁ ወንበር ላይ የማያውቃቸው አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ተቀምጠዋል።

«ከይፋግ የመጡ እንግዳ ናቸው» አለች ሀኒ። «ዛሬ ክንዱ ሽማግሌ ይልካል። ንጉሡን እሳቸው ይሆናሉ። አንተ ውጣ፤ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይገባም።»

ትቻለሁ ሊል የመጣው አምሐ «እሺ» ብሎ ወጣ። ሀኒም ወደ ጓዳ ገባች።

ግቢው ውስጥ ከብስክሌቷ አጠገብ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። በመስኮቱ ውስጡ ይታየዋል፤ ዳይሱ ማንም ሳይነካው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ እንግዳው ተቀመጡ ይላሉ፣ እነሱ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ይላሉ። ጥሩ ይጫወታሉ፣ አለ በሆዱ። እንግዳው መነጽራቸውን አድርገው ሰባት ቤቱ የተጻፈበትን ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ይጠጣል?» ሲሉ ተሰማው።

«ሁለት ቢራ ካየ ይተኛል» አለ ብሥራት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አምሐ ተናደደ። ክንዱ ጉልበቱ ስድስት ቢሆንም ስሙ እንዲህ መጥፋት አልነበረበትም። ተነሥቶ እስከ ግቢው በር ሄደ። የበሩን መቀርቀሪያ ያዘ። ሳይሰናበቱ መሄድም ለካ ድፍረት ይጠይቃል፤ ተመልሶ ባልዲው ላይ ተቀመጠ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጋሽ አምባቸው ጠሩት። ሲገባ ሦስቱም ተቀምጠዋል። ሀኒ የጓዳው በር ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ብሥራት ፈገግ ብሏል፤ አምሐን ያንገበገበው ይኸው ፈገግታ ነው። እዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባት፣ እርስዎን አላስቀይምም። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይህን ጨዋታ ትቻለሁ። ክንዱ የሚባልም ሰው የለም።»

እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስለ ጨዋታው እኔ አላውቅም፤ ልጄን ሀኒን የሰጠሁት ለአምሐ ነው፤ በል ቅረብና ጉልበቴን ሳም።»