ተራ ቁጥር አንድ

«መፈተሻው ሁለት አንደኛ አልቀበልም ይላል» አለች ሂዳያ፣ ስልኳን ወደ ሁለቱ ሴቶች አዙራ። «ሁለታችሁንም አንድ ቁጥር ብሰጣችሁ ስህተት ነው አለኝ። ቁጥሩን ብተወው ደግሞ ጎደለ አለኝ። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ማን ይቅደም?»

ሳብሪያ ከጠዋት ጀምሮ የፈራችው ጥያቄ ይኸው ነው። የተቀመጡት እትዬ አመተ ሥላሴ በረንዳ ላይ ነው። ሳብሪያና እትዬ ሁለቱም አልጋ ቤት አላቸው፤ አጥር ለአጥር፣ ከሞጣ አሮጌ መናኸሪያ ፊት ለፊት። መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር ሳይዛወር በፊት እንግዳ ሻንጣውን እንደያዘ በራቸው ላይ ነበር የሚወርደው። አሁንማ ማን ይምጣ!

ለሳብሪያ ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ነው። ወንድሟ ሙሐመድያሲን ከቢቸና ደውሎ፣ ግቢዋን ለእህል መጋዘን የሚከራይ ሰው እንዳገኘ ነግሯታል። «በጥር ሠርገኛ ካልሞላልሽ ቁልፉን አስረክቢና እኔ ጋ ትመጫለሽ» አላት። እሺ አለች። ወንድሟ ደግ ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣውም። ግን በሰው ጓዳ፣ በወንድም ሚስት ፊት፣ እየተሳቀቁ መኖር! ስንቱን መንገደኛ ስታሳድር የኖረች ሴት! ታኅሣሥ እየተጋመሰ ነው፤ እሷም እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።

ሂዳያ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች የሰፈር ልጅ ናት። በአሮጌው መናኸሪያ ዙሪያ ያሉትን አልጋ ቤቶች ስም፣ ፎቶና ስልክ የያዘ ድረ ገጽ ሠርታለች። ችግሩ፣ ጉግል ላይ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ገጹን አያገኘውም።

«ሰው ሲያየው ዝርዝር መሆኑ ይገባዋል፤ ለማሽኑ ግን የቃላት ክምር ነው» ብላ አስረድታቸዋለች። «ስለዚህ ከገጹ ጀርባ፣ ማሽኑ በሚያነበው አጻጻፍ፣ ይህ ዝርዝር ነው፣ አንደኛው ይህ፣ ሁለተኛው ይህ ብዬ እጽፍለታለሁ። ትክክል መጻፌን የሚፈትሽ መሣሪያም አለ። ያን ጊዜ ሞጣ ላይ አልጋ ለሚፈልግ ሰው ስማችሁን በተራ ሊያወጣላችሁ ይችላል። ማውጣት አለማውጣቱ የራሱ ፈንታ ነው። ካወጣው ግን ስልክ ላይ ጎልቶ የሚታየው አንደኛው ነው። ሌላው በጣት ካልተገፋ አይታይም። ሰው ደግሞ ቸኩሏል፤ የመጀመሪያውን አይቶ ይደውላል።»

ሌሎቹ ባለ አልጋ ቤቶች ከሁለቱ አንጋፋዎች በኋላ እንሁን ብለው ተስማምተዋል። የቀረው የሁለቱ ነገር ብቻ ነው።

«ምን ጥያቄ አለው» አሉ እትዬ አመተ ሥላሴ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ሳብሪያን አስቀድሚያት።»

ሳብሪያ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። ግን እንዴት ብላ እሺ ትበል? ባሏ የሞተ ጊዜ የራሳቸውን እንግዳ ከበር እየመለሱ ወደ እሷ የላኩላት እኮ እኚህ ሴት ናቸው። ደግሞስ ሰው ባንድ ቃል እሺ ይላል እንዴ? ይግደረደራል እንጂ! እንጀራ ሲቀርብለት እንኳ በልቻለሁ ብሎ፣ በሞቴ ተብሎ፣ ተለምኖ ነው የሚቆርሰው።

«ኧረ በአላህ!» አለች እጇን እያወራጨች። «እርስዎ እያሉ እኔ? አይደረግም! እትዬን ነው የምታስቀድሚ!»

አሁን እትዬ አመተ ሥላሴ «በሞቴ» ይላሉ። እሷ ደግሞ «ወላሂ አይሆንም» ትላለች። እንደገና ይለምኗታል፤ ያኔ እየከበዳት እሺ ትላለች። ወጉ እንዲያ ነው።

«እሺ» አለች ሂዳያ። ስልኩን ነካ ነካ አደረገች። «አለቀ። ይኸው፣ ስህተት የለም አለ።»

ምን? አለቀ? ይህች ልጅ ምን ነካት! አንዴ አይሆንም ሲሏት ታምናለች? ወደ እትዬ አመተ ሥላሴ ዞረች። በሉ እንጂ! አንድ ጊዜ በሞቴ ቢሉ ምን አለበት! አሮጊቷ ግን የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ማፍተልተል ያዙ።

«ሂዳያ» አለች ሳብሪያ። «ቁጥሩ... ሊመለስ ይችላል?»

«አሁን ይችላል። ማሽኑ መጥቶ ካነበበው በኋላ ግን ብቀይረውም ጉግል ላይ እስኪስተካከል ሊቆይ ይችላል። ጥር ሊያልፍ ይችላል።»

ጥር ሊያልፍ ይችላል! የወንድሟ ቤት ሳሎን፣ ጥግ ላይ የተነጠፈላት ፍራሽ፣ ሁሉም ዓይኗ ላይ ድቅን አለ።

«እኔን አስቀድሚኝ» አለች።

ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ሂዳያ ቀና ብላ አየቻት። ሳብሪያ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በዕድሜዋ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ በማዕድም፣ በወንበርም፣ በበርም።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቤቴ ሊሄድብኝ ነው። የእህል መጋዘን ሊሆን ነው።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። ወይም ስቀው «ይህን ለማለት ነው እንዲህ የተጨነቅሽ?» ይሉኛል ብላ።

«የእኔም ክፍሎች ባዶ ናቸው፣ ልጄ» አሉ እትዬ አመተ ሥላሴ በቀስታ። «ከመስቀል ወዲህ አንድ አንሶላ አላጠብኩም። እርስዎ እያሉ ስትዪኝ፣ ተመስገን ብዬ ዝም አልኩ።»

ተያዩ። እሳት ተጫጭረው የኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ገበያ እንዴት ነው ሲባባሉ ግን አንዷ «ተመስገን»፣ ሌላዋ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ነበር የሚተላለፉት።

«እና ማንን ላድርግ?» አለች ሂዳያ፣ ጣቷን ከስልኩ ላይ አንስታ።

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። «እሷ ትቅደም» ወይም «እሳቸው ይቅደሙ» የሚል ግን ጠፋ።