ጉጉት ያለበት ሳንቲም

የወይዘሮ ትርንጎ አንድያ ልጅ እሁድ ሊያገባ ነው። እሳቸውም ከአባታቸው የወረሱትን፣ ጉጉት የተቀረጸበትን ጥንታዊ የግሪክ ሳንቲም በአንገቱ ሊያጠልቁለት አስበው፣ ማንጠልጠያ ለማሠራት ብር ሠሪ ዘንድ ሄዱ።

ብር ሠሪው አገላብጦ አየው።

«እማማ፣ ብሩስ ንጹሕ ነው። ግን ቅጂ ነው፤ በቅርብ የተሠራ።»

«ምን ማለትህ ነው? አባቴ ድሬዳዋ ሳለ አንድ የግሪክ ነጋዴ የሰጠው ነው። አርባ ዓመት ከሣጥኔ አልወጣም!»

ብር ሠሪው አንገቱን ደፋ።

«አይቀየሙኝ፤ እኔው ነኝ ከውጭ ያስመጣሁት። አምና አንድ ወጣት ዋናውን ይዞ መጣና፣ ‹ቁርጥ ይህን የሚመስል ፈልግልኝ፤ እናቴ ዓይኗ ደክሟል፣ አትለየውም› አለኝ።»

ወይዘሮ ትርንጎ የወጣቱን ስም አልጠየቁም።