የሰልፉ ጭራ

«ሁለተኛውም ያው ነው፣ ጋሼ» አለች ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ባዳቾ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመችውን ቀጭን መመርመሪያ አየ። ሁለት ቀያይ መስመሮች። መደንገጥ እንዳለበት ገብቶታል፤ ድንጋጤው ግን አልመጣም። የተወጋች ጣቱን በጥጥ እንደያዘ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ ለሰንበት ትምህርት ልጆች የተጻፈ ጥቅስ ነበር፤ ግማሹ ጠፍቷል። የቀረውን አነበበና ወዲያው ረሳው።

ነርሷ እየሩስ ትባላለች፤ ለምርመራው ከሶዶ የመጣች ናት። «ኤች አይ ቪ በደምዎ ውስጥ አለ ማለት ነው» አለችው። «ግን መድኃኒት አለው። በነፃ ነው የሚሰጠው። እሱን እየወሰዱ እርሻቸውን የሚያርሱ፣ ልጅ የሚድሩ ስንት አሉ መሰልዎት!»

«እሺ» አላት።

«ጋሼ፣ ሰምተውኛል?»

«እሺ፣ ልጄ።»

ከውጭ የሰው ጉምጉምታ ይሰማል። ሰልፉ ከክፍሉ በር ተነስቶ፣ በአቮካዶው ዛፍ ሥር አልፎ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የግቢ በር ይደርሳል። ያን ሁሉ ሰው ያሰለፈው ራሱ ባዳቾ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች «ሳይመረመር የሚጋባ አይኑር» ብለው ሲወስኑ እጮኛሞቹ አኮረፉ፤ እናቶቻቸውም «ምርመራ የሴሰኛ ነው» አሉ። ነርሶቹ ባለፈው ወር መጥተው የአንድ ሰው ጣት ሳይነኩ ነው የተመለሱት። ያኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆነው ባዳቾ መድረክ ላይ ወጣና «እኔ እቀድማለሁ። ውጤቴንም በገዛ አፌ እነግራችኋለሁ» አለ።

መቅደም ልማዱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ የመጀመሪያውን ጭቃ የረገጠው እሱ፤ ሽንት ቤት ቆፍሩ ሲባል የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈረው እሱ። «ባዳቾ ካልጀመረ ዝናብም አይጀምርም» እያሉ ይቀልዱበታል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ የባዳቾ ጉድ ግን እንደ ባለቤቱ ቀደመ።

ከየት መጣ? በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፤ ኢሕአዴግ ሲገባ ተበትኖ እስኪመለስ ድረስ ጌታን አያውቅም። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ የሸሻቸውን የኤድስ በሽተኞች ቁስል በዚሁ በተሰነጣጠቀ መዳፉ ሲያጥብ ኖሯል። በየትኛው እንደያዘው ጌታ ያውቃል። አገሩ የትኛውን መርጦ እንደሚያወራ ግን ባዳቾም ያውቃል።

«በጓሮው በር መውጣት ይችላሉ» አለች እየሩስ። «ማንም አያይዎትም። ምስጢሩ የእርስዎ ነው፤ እኔ ትንፍሽ አልልም።»

ወደ ጓሮው በር ዞሮ አየ። ከበሩ ማዶ እንሰት፣ ከእንሰቱ ማዶ ቤቱ። በዚያ ቢወጣ ሰልፉ ይበተናል። ወጥቶ «ደህና ነኝ» ቢል ሁሉም ይከተለዋል። እውነቱን ቢናገር ምን እንደሚሆን አያውቅም። ሁሉንም አሰበ፤ አንዱም አልከበደውም። ያስፈራው ይህ ብቻ ነው፤ ምንም ነገር አለመክበዱ።

ከዚያ ሚስቱ ፋንታዬ ትዝ አለችው። ከእሱ ቀጥላ፣ እበሩ ላይ ቆማለች። ይህ ከበደው።

ተነሳና በፊት ለፊቱ በር ወጣ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከፋንታዬ ቀጥሎ ከእጮኛው ጋር የቆመው ጦና ነው፤ በጊፋታ በዓል ማግስት የሚያገባው። «እሺ ጋሽ ባዳቾ» አለ እየሳቀ፣ «ደህና ነዎት አይደል? እንግባ?»

«አለብኝ» አለ ባዳቾ። ድምፁ የስብሰባ ማስታወቂያ እንደሚነግር ሰው ነው። «ኤች አይ ቪ አለብኝ። እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ነገርኳችሁ።»

«ጌታ ሆይ!» አለች አንዲት ሴት፣ አፏን በነጠላዋ እየያዘች። ከኋላ «ሽማግሌው? ራሱ ሽማግሌው?» የሚል ሹክሹክታ ተነሳ። የጦና ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ፤ የእጮኛውን እጅ ይዞ ከሰልፉ ወጣ።

ፋንታዬ ባሏን አየችው። ብትጮህበት፣ ብትሰድበው በወደደ። እሷ ግን «የሩት አባት» አለችው፣ «ያማል?»

«ምኑ?»

«መርፌው።»

«አያምም።»

ጃንጥላዋን አስያዘችውና ገባች። በሩ ተዘጋ።

ባዳቾ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ጨርሶ የወጣ ሰው የት እንደሚቆም አስቀድሞ አላሰበበትም። እግሩ በሰልፉ ጎን ቁልቁል ወሰደው፤ ሰዎቹ ሲያልፍ መሬት መሬት አዩ። የግቢው በር ጋ፣ ሰልፉ የሚያልቅበት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንተ፣ ጨርሰህ የለም እንዴ?» አለችው ከፊቱ የቆመችው አሮጊት።

«ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ተሰለፍክ?»

«እንጃ» አላት። እውነቱን ነው።

ጦና እጮኛውን እየጎተተ ወደ ግቢው በር መጣ። በሩ አጠገብ፣ የሴት ጃንጥላ ይዞ፣ ሰልፍ የያዘ ባዳቾ አለ። ጦና ቆመ። አንገቱን አከከ። ልጅቷ ናት ቀድማ ወደ ክፍሉ ዞር ያለችው፤ ጦና ተከተላት።

ፋንታዬ በክፍሉ በር ላይ ለቅቃ የሄደችው ቦታ እስካሁን ባዶ ነበር። ሁለቱ ሄደው እዚያ ቆሙ። ከኋላቸው ያለው ሰው ተጠጋ፤ ከእሱ ኋላ ያለው ተጠጋ፤ መጨረሻ ላይ አሮጊቷም ተጠጋች።

ባዳቾም ተጠጋ።