የባርኒ አባት

እነዚህ እንግሊዞች ገበያ ሳይኖራቸው፣ ሰርግ ሳይጠሩ፣ ዝም ብለው ሜዳ ለሜዳ ዞረው ዞረው የተነሱበት ቦታ ይመለሳሉ፤ ይህንንም ሽርሽር ይሉታል። እሱም ከኢትዮጵያ መጥቶ እንግሊዝ ገጠር ስድስት ዓመት ኖሮ፣ ልጁ ጥላበት የሄደችውን ውሻ እየጎተተ ማለዳ ማለዳ ከቤቱ ጀርባ ባለው የእግር መንገድ አብሯቸው ይዞር ነበር። የመስኩን ጤዛና የአጥሩን አበባ መውደዱን ግን ቢገድሉት አያምንም።

«ደህና አደርክ ባርኒ! ሆድህን አሞህ ነበር አሉ፤ ተሻለህ?» ትላለች ጎረቤቱ ጆአን፣ ጎንበስ ብላ ውሻውን እያሻሸች። ቀና ስትል ደግሞ፣ «ደህና አደርክ፣ የባርኒ አባት!»

ስሙን አንድ ቀን የጠየቀው የለም። ባገሩ ሰው ሲሰደብ የውሻ ልጅ ይባላል፤ እነዚህ ብሶባቸው የውሻ አባት አደረጉት። «ድንቄም ሥልጡን!» ይላል በሆዱ።

ውሻው በሞተ በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ጆአን አበባ ይዛ እንባዋን ትጠርጋለች፤ ከኋላዋ መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ ኬክና ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል። ለውሻ! ስቆ ሊያባርራቸው አፉን ከፈተ።

«ብቻህን እንዳታለቅስ ብለን ነው» አለችው።

ገብቶ ጋቢውን ደረበና ወንበር ደረደረላቸው። የእናቱን መርዶ በስልክ ከሰማ ሦስት ሳምንቱ ነበር፤ አንድም ሰው ለቅሶ አልደረሰውም። ከመካከላቸው ተቀመጠና «እናትዬ! እናቴ!» እያለ በአማርኛ ድምፁን ለቆ አለቀሰ።

«እንዴት ቢወደው ነው!» አለች ጆአን፣ አጠገቧ ለተቀመጠው ሰው።