የአጎት ልጅ ጋቢ

«ካሳይዬ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉና ጋሽ ባይሳ ተወልደን የለቅሶው ድንኳን በር ላይ አንገቱን አቀፉት።

ተወልደ ካሳይ አይደለም፤ የካሳይ የአጎት ልጅ ነው። ሁለቱም በአያታቸው በእማማ ወለተማርያም እጅ፣ እዚሁ ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ አድገዋል፤ መልካቸውም ቁርጥ አንድ ነው። የእድሩ ዳኛ የጋሽ ባይሳ ዓይን ደግሞ ከጊዜ ወዲህ ሞራ ጋርዶታል። ተወልደ ሊያርማቸው አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው ግን እጁን ይዘው መምራት ጀምረዋል፤ ተከተላቸው።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በፋሲካ ማዕድ ላይ ወሬው ተነሳና ከሁለቱ የአጎት ልጆች አንዱ ሌላውን ከሃዲ አለው፤ ሌላውም ያንኑ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እማማ ልታስታርቃቸው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ሲያቅታት በዓላቱን አካፈለቻቸው፤ እንቁጣጣሽ ለካሳይ፣ መስቀል ለተወልደ፣ ገና ለአንዱ፣ ጥምቀት ለሌላው። እንዲህ እያለች በሯ ላይ ሳታገናኛቸው የሁለቱም አያት ሆና ኖረች። አሁን እሷ የለችም። ከዛሬ በኋላ አንዱ የሌላውን ወሬ እንኳ የሚሰማበት ሰበብ አይኖርም፤ ተወልደን እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

ድንኳኑ ሰማያዊ ነው። የነሐሴ ካፊያ ሸራውን ቀስ እያለ ይመታል፤ ብርሃኑ የሰዉን ፊት ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ አስመስሎታል። ከአጥሩ ወዲያ የፈረሰው ሰፈር ሜዳ ሆኖ ተኝቷል። የድሮ ጎረቤቶች ከየተበተኑበት እየመጡ፣ ጭቃቸውን በር ላይ እየጠረጉ ይገባሉ።

ጋሽ ባይሳ ከፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ወንበሩ ላይ የተጣለውን ጋቢ አንስተው ትከሻው ላይ ደረቡለትና አጠገቡ ተቀመጡ። «በዚህ ብርድ ጋቢህን ጥለህ የት ትዞራለህ?» አሉ። ጋቢው የካሳይን ሲጋራ ይሸታል። ተወልደ ሊያወልቀው አሰበ፤ ግን ሞቀው።

ተወልደ የታሪክ አስተማሪ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ሲደርስ ለተማሪዎቹ የሚያሳያቸው ፎቶ አለ። የእንግሊዙና የሩሲያው ንጉሥ፣ የእህትማማች ልጆች፣ ጎን ለጎን ቆመው፤ በጺምም በዓይንም አንድ ናቸው። በእንግሊዙ ሠርግ ላይ እንግዶች ሩሲያዊውን ሙሽራው መስሏቸው ነበር ይባላል። ፎቶውን የተነሱት ጀርመን አገር፣ የሌላው ዘመዳቸው የጀርመኑ ንጉሥ ልጁን ሲድር ነው፤ ለእሱ ክብር ብለው ሁለቱም የጀርመን መኮንን ልብስ ለብሰዋል። በዓመቱ ሁለቱም ከእሱ ጋር ተዋጉ። እንግሊዛዊውና ጀርመናዊውማ የአንዲት አያት የልጅ ልጆች ነበሩ፤ አያትየዋ ስታርፍ ጀርመናዊው ነበር በክንዱ ደግፏት የቆየው።

«ቲቸር፣ ማለቴ፣ ዘመዳሞች አይደሉ እንዴ? በቃ ቁጭ ብለው አያወሩም?» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ተወልደ ስለ ስምምነቶቹ፣ ወታደር ስለሚያጓጉዘው ባቡር፣ ስለ ጦር ዕቅዱ ይመልስለታል። መልሱ ትክክል ነው። ልጁ የጠየቀው ግን ያን እንዳልሆነ፣ በሰው ጋቢ ውስጥ ዓይኑ እየከበደ ሲሄድ ገባው።

ሸለብ አደረገው። ፎቶው ውስጥ የቆሙት እሱና ካሳይ ናቸው፤ ትንንሽ ልጆች፣ ለበዓል ታጥበው። እማማ ጎንበስ ብላ ቁልፋቸውን ትቆልፍላቸዋለች። የካሳይን ሸሚዝ ለእሱ፣ የእሱን ለካሳይ አልብሳለች። ሊነግራት ይፈልጋል፣ ድምፁ አይወጣም። እሷ ደግሞ ትስቃለች፤ ምን ቸገራችሁ የምትል ይመስላል።

«አሁን እንኳን በር በሩን ማየትህን ተው» አሉት ጋሽ ባይሳ ጆሮው ሥር። «ከትናንት ጀምሮ አንገትህ እስኪጣመም ጠበቅኸው። ተወልደ ከእማማ ለቅሶ አይቀርም፣ ብዬሃለሁ።»

ተወልደ ነቃ። 

«ባይመጣስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ትናንትም እንዲሁ ብለህ ጠይቀኸኛል እኮ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ይህን ጊዜ ካሳይ የንፍሮ ትሪ ይዞ ከቤት ወደ ድንኳኑ ገባ። ትከሻው በካፊያው ርሷል። ትሪውን ለአንዲት ሴት አቀብሎ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ተወልደን በጋቢው ተጠቅልሎ አየውና ባለበት ቆመ። 

ተወልደ አፍሮ ጋቢውን ከላዩ መግፈፍ ጀመረ።

«ተወው» አለ ካሳይ።

መጥቶ በወዲያ ጎኑ ተቀመጠ። ጋሽ ባይሳ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ዓይናቸውን አጥብበው አዩ፤ ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።  ካሳይን ብርድ ያንቀጠቅጠዋል።

«የሚመጣው መስቀል የማን ነበር?» አለ ካሳይ።

የተወልደ ነበር። እማማ ባለፈው ሳምንት በስልክ አስታውሳዋለች፤ «እንዳትቀር፣ ያንተ ነው» ብላዋለች።

«እኔ እንጃ፣ ተምታታብኝ» አለ ተወልደ።

ካሳይ የማን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም በዓል ተሳስቶ አያውቅም።

«እኔም» አለ።

ተወልደ የጋቢውን አንድ ጎን ከትከሻው አንስቶ በክንዱ ዘረጋው። ክንዱ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ካሳይ ጠጋ አለ።