ዐይኑ ዐ

የጠፋ ፖስት ስመልስ ነው የምውለው። ሰው በንዴት ያጠፋል፤ ሲበርድለት እየሮጠ እኔ ጋ ይመጣል። ያን ቀን ወገቤ ተቆርጦ ሱቄን ልዘጋ ስል አንዲት ነርስ ከነጋዋኗ ገባች።

«ወንድሜ፣ የእናቴን ፖስቶች መልስልኝ። ስትሞት እነሱን ማየት አቃተኝና አጠፋኋቸው። አካውንቷን ከእኔ በቀር የሚከፍት የለም። ይኸው እንቅልፍ አጣሁ፤ እነሱን ካየሁ አርፋለሁ።»

«ነገ ነይ» ልላት ነበር፤ ቆማ መተኛት ስትጀምር አሳዘነችኝና ወንበር ሰጠኋት።

ፖስቶቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ሁሉም የጠዋት ሰላምታ ናቸው፤ «እንደምን ዐደራችሁ፣ ልጆቼ»፣ «ዐይዟችሁ፣ ልጆቼ»።

ነርሷ ሳቀች። «እማዬ ከዐይኑ ዐ ሌላ አታውቅም። ሁሉንም በእሱ ነው የምትጽፈው። ስናርማት ‹እናንተ ናችሁ የተሳሳታችሁት› ትለናለች።»

«በይ እንግዲህ አለቀ» ብዬ ስልኳን ከኮምፒውተሩ ልነቅል ስል፣ ከሁሉም በላይ አንድ ፖስት ተጨመረ። ስሙ የእናትየው ነው። ቀኑ ግን የነገ ነው።

«ምን ይላል፣ ወንድሜ?» አለችኝ ቦርሳዋ ውስጥ መነጽሯን እየፈለገች።

«ልጄ ዛሬ ዐረፈች» ይላል።