ጳጉሜ ስድስት

በዚያ ዘመን መዝገብ ላይ ባዶ ሣጥን መተው ክልክል ነበር። ሕፃን ሲወለድ ከልደቱ ቀን ጎን የሚሞትበትንም ቀን ወላጁ ይሞላል። መዝገቡ ያለው አይቀርም፤ ለእድሩም ቀድሞ ይናገራል።

ደብሪቱ የአራት ቀን ልጇን አቅፋ ስልኳ ላይ የተከፈተው መዝገብ ላይ አፍጥጣ አረፈደች። የትኛዋ እናት እጇ ይታዘዛታል? በመጨረሻ መላ መጣላት። ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ የምትሆንበትን ዓመት መርጣ «ጳጉሜ ስድስት፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና» ብላ ሞላች። የሌለ ቀን ከየት ይመጣል! እፎይ ብላ የልጇን ግንባር ሳመች።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። «የጻፉት ቀን የለም። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ስለተገኘ በዛሬው ቀን ተሞልቷል።»

ልታርመው ብትታገል እምቢ አላት። ወዲያው ከደጅ ካስማ ሲመታ ሰማች። በመስኮት ብታይ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጥላዬ ድንኳን ያስተክላሉ።

«ጋሼ፣ ልጄ ደህና ነው! ይኸው እየጠባ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩዋትም።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ገና አልመሸም፤ አጥቢው።»